ፎርሙ ላይ ያለው ዕድሜ

ደባርቅ ሲነጋ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉሙ ከዋናው መንገድ ላይ ገና አልተነሣም፤ ባንኩ ደጃፍ ግን ጋቢ የተከናነቡ፣ ካፖርት የደረቡ፣ ከዘራ የተመረኮዙ ሰዎች ከወዲሁ ተኮልኩለዋል። ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ነው። መምህር የነበሩ አሉ፤ ጤና ጣቢያ ሲሠሩ የኖሩ አሉ። ወታደር የነበረውን ለመለየት ግን መጠየቅ አያስፈልግም። ሰልፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲቀመጥም ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው።

ከነዚህ አንዱ አጠገቤ ቆሟል። ፀጉሩ ገና አልሸበተም። «አባ» እየተባሉ ቦታ ከሚለቀቅላቸው ሽማግሌዎች መሐል ሲታይ፣ አባቱን ተክቶ ገንዘብ ሊቀበል የመጣ ልጅ ይመስላል። የመጣው ግን ለራሱ ነው። ሃምሳ አለቃ ነበር፤ አሁን ጡረተኛ ነው።

ከጃኬቱ ውስጥ ፌስታል አወጣ። በፌስታሉ ውስጥ የባንክ ደብተር፣ መታወቂያና አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ተበጥሶ በፕላስተር ተያይዟል። ሲቀጠር የሞላው ፎርም ቅጂ ነው። በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ። «ዕድሜ» ከሚለው ጎን በእጅ «20» ተብሎ ተጽፏል፤ ዜሮዋ ከላይ ሳትገጥም ቀርታለች።

«በ1991 ነው የተመዘገብሁት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለኝ። «መዝጋቢው ስንት ዓመትህ ነው ሲለኝ ሃያ አልሁት። ትንሽ ነህ ብሎ እንዳይመልሰኝ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።»

እናቱ ዘመን የሚቆጥሩት በቁጥር አይደለም። የሰባ ሰባት ድርቅ ሲገባ ልጁ ጡት ጥሎ በእግሩ ይሄድ ነበር ይላሉ። በእናቱ ስሌት የ1975 ልጅ ነው፤ በፋይሉ ስሌት የ1971። ልዩነቱ አራት ዓመት ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አገልግሎ የጡረታው ጊዜ ሲታሰብ የተጠየቀው ፋይሉ እንጂ እናቱ አልነበሩም።

የተጻፈ አይፋቅም

ስለ ወታደር ጡረታ ብዙ ሰው ግማሹን ያውቃል። ወታደር ከሌላው ሠራተኛ ቀድሞ እንደሚወጣ ያውቃል። በየጊዜው «ዕድሜው ሊጨመር ነው»፣ «ስሌቱ ተሻሽሏል» የሚል ወሬም ይሰማል። ከወሬው በታች ያለው አሠራር ግን ብዙም አይነገርም፤ የሰውን ኑሮ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

መነሻው ዕድሜ ነው። በጡረታ ሕጋችን የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው መሠረት ነው። ኋላ ላይ የክርስትና ወረቀት ይምጣ፣ የሽማግሌ ምስክር ይቁጠር፣ የተመዘገበው አይለወጥም። የሕጉ ምክንያት ይገባል። ጡረታ ሲቃረብ ዕድሜውን ዝቅ ለማድረግ የማይሞክር ማን አለ? በር ቢከፈት ሁሉም ይገባበታል። ግን ሕጉ የታሰበው ልደቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። የጃናሞራና የበየዳ ወረዳ ልጅ ልደቱን በወርና በቀን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ለዚያ ልጅ ዕድሜ ማለት መዝጋቢው ፊት በድንገት ከአፉ የወጣው ቁጥር ነው። በ18 ዓመት የቅጥር ወሰን ምክንያት እንዳይመለስ ጨምሮ የተናገረው ቁጥር፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዞሮ ከሥራ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ነገር ማዕረግ ነው። ሲቪሉ ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው፤ በፊት 55 ነበር፣ ኋላ ከፍ ተደረገ። ወታደር ግን የሚወጣው በራሱ ሕግ በየማዕረጉ በተለየ ጣሪያ ነው፤ ዝቅተኛው ማዕረግ ቀድሞ፣ ከፍተኛው ዘግይቶ። ለዚህም ምክንያት አለው። ተራ ወታደር የሚሠራው በእግሩና በትከሻው ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ትጥቅ ተሸክሞ የወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ጄኔራሉ ግን በካርታ ይሠራል፤ ዕድሜ ለእሱ ልምድ ይጨምርለታል።

ሦስተኛው ስሌቱ ነው። የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 714 ሲወጣ እንዲህ ተቀመጠ፦ ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ተወስዶ፣ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው ለሁሉም 70 በመቶ ነው። መዋጮውም ይለያል፦ ሁለቱም ከደመወዛቸው 7 በመቶ ይቆረጥባቸዋል፤ መንግሥት ግን ለሲቪሉ 11፣ ለወታደሩ 25 በመቶ ይጨምራል። አዋጁ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ግን አሁንም የጡረታ ጉልቻዎች ናቸው።

እስቲ ሃያ አምስት ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሰዎችን እናስብ። መምህሩ የደመወዙን 48.75 በመቶ፣ ወታደሩ 54.75 በመቶ ያገኛሉ። ወታደሩ የተሻለ ይመስላል። ግን መምህሩ በ25ኛው ዓመት አይወጣም፤ በ22 ዓመቱ ቢቀጠር እስከ 60 ድረስ 38 ዓመት ሠርቶ 65 በመቶ ይዞ ይወጣል። ወታደሩ 70 በመቶ ጣሪያ ላይ ለመድረስ ከ34 ዓመት በላይ ማገልገል አለበት። በ18 የገባ ሰው ያን ጊዜ 52 አልፎታል ማለት ነው፤ በዝቅተኛ ማዕረግ እስከዚያ የሚቆይ ብዙ የለም። በመቶኛው የተሰጠው፣ በዕድሜው ይወሰዳል።

«በመቶኛው የተሰጠው፣ በዕድሜው ይወሰዳል።»

ደረስጌ

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድ ሳንቃ በርን አልፎ፣ ጨነቅን ነክቶ፣ ቧሂትን ይወጣል። እዚያ ላይ ከፍታው ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ዘበኛ ተገትሯል። ከዚያ ወደ ጃናሞራ ሲወረድ፣ ከመካነ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት 1847 ግን ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርገው እዚያው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡባት።

ደረስጌን እዚህ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ቴዎድሮስ ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ ወታደሩን በደመወዝ ማሳደር ነበር። እስከዚያ ድረስ ወታደር የሚኖረው ገበሬው ቤት እየተመራ፣ የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ ነበር። ያረጀ ወታደር ደግሞ ጌታው ካሰበው መሬት ያገኛል፤ ካላሰበው ልጆቹ ይጦሩታል፤ ልጅ ከሌለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጣል። የቴዎድሮስ ሐሳብ በዘመናቸው አልሰመረም። ወታደርን የሚያኖረው የአገር ግምጃ ቤት ይሁን የሚለው ሐሳብ ግን በአዋጅ ከመጻፉ መቶ ዓመት በፊት በእነዚህ ተራሮች አልፏል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለአርበኛና ለወታደር የሚሰጠው ውለታ በጋሻ የሚለካ መሬት ነበር። ሲቪሉንም ወታደሩንም በአንድ ያቀፈ የጡረታ አዋጅ የመጣው በ1955 ነው። ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ልብ በሉ። ጡረታ «ጦረ» ከሚለው ነው፤ ልጅ ያረጁ ወላጆቹን ሲያበላና ሲያለብስ «ጦራቸው» ይባላል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን እንመርቃለን። አገር ለወታደሩ የገባችው ቃል የልጅ ቃል ነው።

ወታደር በኑሮው ሲከፋ አገር እንደሚናወጥም አይተናል። የ1966ቱ አብዮት አንዱ መነሻ በዚያ ዓመት ጥር ነገሌ ቦረና የነበረ ጦር በምግቡና በውኃው ተማርሮ አዛዦቹን መያዙ ነበር።

ፌርማታው ሳይደርስ የቆመ አውቶቡስ

ዳባት ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ሲንጀሩን እየረገጠ ነው ያወራኝ። ከ1966 ጀምሮ እስከ 1983 በቀድሞው ሠራዊት አገልግሏል። አሥራ ሰባት ዓመት።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ፈረሰ። ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ሰው ወደየካምፑ ገባ፣ ተመዘገበ፣ የራሽን እህል እየተሰፈረለት ወደ ቀዬው ተሸኘ። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ የሚያስታውሰው በሁለት ነገር ነው፦ በጆንያ ስንዴና «የት ነበርህ?» በሚለው የጎረቤት ዓይን።

«ጡረታ?» አልሁት።

«ጡረታዬ ይቺው ናት» አለ፣ መኪናውን በመዳፉ መታ አድርጎ።

ለዚህ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ፌርማታው ሳይደርስ እንደቆመ አውቶቡስ ነው። ተሳፋሪው ዋጋውን ከፍሏል፤ ተነሥቶ በእግሩ ሄደ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ያው ተበታትኖ የነበረ ወታደር ተጠራ። ብዙው ሄደ። በኅዳር 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት በተነሣ ሰሞን ደግሞ ጡረታ የወጡ ጄኔራሎች ሳይቀሩ ተጠርተው ወደ ሠራዊቱ ተመለሱ። ይኸውላችሁ፦ አገር ስትቸገር «ዕድሜህ አልፏል» አትልም።

በዚህ አካባቢ ያ ጥሪ የሬዲዮ ዜና ብቻ አልነበረም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ድረስ መጣ፤ እዚያው ዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ብዙ ሰው አለቀ። ጠመንጃ አያያዝ የሚያውቅ ጡረተኛ ለወጣቱ ሲያሳይ የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። ያንን የሚመዘግብ ፎርም ግን የለም።

ግማሽ ዕድሜ፣ ሙሉ ቤት

ሃምሳ አለቃው ተራው ደርሶ ገብቶ ወጣ። ገንዘቡን ቆጥሮ በሁለት ኪስ ከፈለው፤ አንዱ ለቤት ኪራይ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚኖር የገበሬ ልጅ።

ከገጠር ወጥቶ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት የቆየ ሰው ሲመለስ የአባቱ መሬት ተከፋፍሎ፣ ተሸንሽኖ፣ የይዞታ ደብተር ወጥቶለት ያገኘዋል። ወንድሞቹ ያርሱታል፤ ወንድሞቹም ልጆች አሏቸው። መሬቱ ላይ ድርሻ ልጠይቅ ቢል ጠብ ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ረሃብ። ስለዚህ ከተማ ዳር ይከራያል። የሃምሳ አለቃው ትልቁ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ገና አትናገርም።

ሰው ጡረታ ሲል የሚያስበው ልጆቹን ድሮ፣ ቤቱን ጨርሶ፣ ከእንግዲህ ለመድኃኒትና ለቡና የሚበቃው ሽማግሌን ነው። ወታደር ግን በጡረታ የሚወጣው ቤቱ በሞላበት ሰዓት ነው። የሚከፈለው ገንዘብ መጦሪያ ተብሎ የተሰላ ነው፤ እሱ የሚያውለው ግን ለማሳደጊያ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። የወታደርን ጡረታ የሲቪሉ ጡረታ ታናሽ ወንድም አድርገን እስካሰብነው ድረስ፣ በመቶኛውን ብናሻሽለውም ጉዳዩን አልነካነውም።

አንዳንዱ ሥራ ያገኛል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎብኚ ያለ ታጣቂ ስካውት አይንቀሳቀስም፤ ጠመንጃና ተራራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥሩ እንጀራ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ሰላም ሲያጣ ግን ጎብኚው ቀረ፣ እንጀራውም አብሮ ተቋረጠ። ሌላው ጥበቃ ይቀጠራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው መጋዘን ደጃፍ ይቀመጣል። አዛዥ የነበረው ሰው ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ ጎረቤት ያየዋል፤ እሱም ጎረቤት እንደሚያየው ያውቃል።

«መጦሪያ ተብሎ የተሰላው ገንዘብ ለማሳደጊያ ይውላል።»

ያላገባ

መካነ ብርሃን ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ጠላ ትሸጣለች። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል። «ተተኪ» የሚለውን ቃል የተማረችው ከሞተ በኋላ ነው፤ በጡረታ ሕግ ቋንቋ ሚስት፣ ልጅና ወላጅ ተተኪ ይባላሉ። ለሚስት የጡረታው ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በልጃቸው ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ ግን ከመቶ አያልፍም። ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ድርሻው ይቆማል።

ሕጉ መልካም ነው። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ባሏ ሲቀጠር በሞላው ፎርም ላይ «ያላገባ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያኔ አላገባም ነበር። ከዚያ በኋላ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲዛወር፣ ፎርሙን የሚያድስበት ጊዜ አላገኘም፤ ወይም አድስ ያለው የለም። ስለዚህ እሷ ሚስትነቷን ከሞተ ሰው ፋይል ጋር ስትከራከር ከረመች። የጋብቻ ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ ምስክር፣ ፎቶ። ለእያንዳንዱ ማኅተም በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ ቧሂትን አቋርጣ ደባርቅ ወርዳለች፤ አንዱ ፊርማ ጎንደር ድረስ ወስዷታል።

«ሌሊት ጨነቅ ላይ መኪናው ተበላሽቶ አደርን» አለችኝ። «ልጄን በብብቴ ይዤ ወረቀቱን በሆዴ አሥሬ። ከልጄ ይልቅ ወረቀቱ እንዳይረጥብ ስፈራ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ጡረታው ከተፈቀደ በኋላም ገንዘቡን መቀበል ራሱ መንገድ ነው። በአማራ ገጠር ጡረታ ለብዙ ዓመታት የሚከፈለው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል ነበር፤ ተቋሙ አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል። ቅርንጫፉ መቅረቡ ብዙ እግር አሳርፏል። መንገድ በተዘጋባቸው፣ ባንክ በሩን በቆለፈባቸው፣ ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ግን የጡረተኛ ቤት ጭስ ያልወጣባቸው ቀናት ነበሩ።

በማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሰው፣ ከጉዳዮቹ የሚበዙት በገንዘብ ማነስ የመጡ አይደሉም ብሎኛል። «ስም ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ሚስት ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ በአንድ ጠዋት የሚያልቀው፣ ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ይፈጃል።» ይህን ስሰማ ተናደድሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ሠራዊቱ በየዓመቱ ጥይት ይቆጥራል፣ ጫማ ይቆጥራል፣ ብርድ ልብስ ይቆጥራል። የወታደሩን ሚስትና ልጆች በዓመት አንድ ቀን ቆጥሮ ፎርሙን ማደስ እንዴት ይከብዳል?

ይጨመር ወይስ ይቅር?

የጡረታ ዕድሜ ይጨመር የሚለው ጉዳይ ሲነሣ ባንኩ ደጃፍ ያለው ሰልፍ ለሁለት ይከፈላል።

የበታች ሹማምንት የነበሩት ይጨመር ባዮች ናቸው። አንድ ሠራዊት አከርካሪው ሃምሳ አለቃው ነው ይላሉ፤ ምልምሉን የሚያሠለጥን፣ መሣሪያውን የሚያውቅ፣ በተኩስ መሐል የማይደነግጥ። ይህን ሰው ልምዱ በበሰለበት ሰዓት አሰናብቶ በማግስቱ አዲስ መመልመል ኪሳራ ነው። ተኩስ መስመር ላይ ካልቻለ ማሠልጠኛ ይሂድ፣ ሎጂስቲክስ ይያዝ፣ ወርክሾፕ ይግባ። መኮንን የነበሩ አንድ ሻለቃ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከላይ ያለው ካልወጣ ከታች ያለው አያድግም፤ ማዕረግ የተዘጋበት ወጣት ደግሞ ልቡ ከሠራዊቱ ይወጣል። ደግሞስ፣ አሉ፣ ጉልበቱ የደከመን ሰው ለሁለት ዓመት ደመወዝ ብለህ ምሽግ ውስጥ ታቆየዋለህ?

በቦርድ የወጡት፣ ማለትም በጉዳት የተሰናበቱት፣ ክርክሩን በዝምታ ነው የሚሰሙት። ለእነሱ የዕድሜ ጣሪያ የወሬ ጉዳይ ነው፤ አንድ ፈንጂ ወስኖላቸዋል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች በ2007 ዴልሂ ላይ ለወራት ተቀምጠው «አንድ ማዕረግ፣ አንድ ጡረታ» ብለው ጮኸዋል። ቀድሞ የወጣውና ዘግይቶ የወጣው፣ በአንድ ማዕረግ፣ በአንድ የአገልግሎት ዘመን፣ ለምን የተለያየ ገንዘብ ያገኛሉ ነበር ነገሩ። መንግሥት በዚያው ዓመት ተቀበላቸው። ያው አገር በ2014 ደግሞ አዲስ ምልምሎች አራት ዓመት ብቻ አገልግለው፣ ከአራት አንዱ እንዲቀር፣ ሦስቱ ያለ ጡረታ እንዲሸኙ ወሰነ፤ ወጣቱ ባቡር እስከማቃጠል ደረሰ።

የሕንዶቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ደባርቅ ላይም አለ፣ ስም አልወጣለትም እንጂ። ጡረታ የሚሰላው በወጡበት ጊዜ ደመወዝ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የወጣ አሥር አለቃ በዚያን ጊዜው ደመወዝ፣ ትናንት የወጣው በአሁኑ ይሰላለታል። ጭማሪ በየጊዜው ይደረጋል፤ ገበያው ግን ጭማሪውን አይጠብቅም። ሁለቱ አሥር አለቆች ጤፍ የሚገዙት ከአንድ ነጋዴ ነው።

እኔ በዕድሜው ላይ የሻለቃው ወገን ነኝ። ተራ ወታደርን በምሽግ ውስጥ ማስረጀት ውለታ አይደለም። ግን ቀድመህ ውጣ የምትለውን ሰው፣ ቀድሞ በመውጣቱ ያጣቸውን ዓመታት ካልካስኸው፣ ከመውጣቱ በፊት እጅ ሥራ ካላስያዝኸው፣ ፋይሉን ከእሱ ጋር ቁጭ ብለህ ካላነበብኸው፣ አላሰናበትኸውም፤ አራገፍኸው እንጂ።

የልደት ወረቀት

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃውን ቀበሌ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ትንሿን ልጁን በጋቢ አዝሏል። የልደት ምዝገባ በአገራችን በወጉ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ የእሱ ታላላቅ ልጆች በጊዜያቸው አልተመዘገቡም። ለዚህች ግን ቆርጦ መጥቷል።

መዝጋቢዋ ወጣት ናት። የልጅቱን ስም ጻፈች፣ የእናቲቱን ስም ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ሳትል «የተወለደችበት ቀን?» አለች።

«ጥቅምት 12» አለ። «ማክሰኞ ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ።»

«ሰዓቱ አያስፈልግም፣ ጋሼ።»

«ግድ የለም፤ አንቺ ቀኑን ጻፊው» አለና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እስክሪብቶው እያንዳንዱን ቁጥር ጨርሶ እስኪነሣ ድረስ አየ።